ከጣት ወደ መኪና፤ የማስገቢያ መሣሪያዎች ታሪክ በአሰላና በአርሲ ደጋ

መግቢያ

ስለ ኮምፒዩተር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው የስሌቱ ፍጥነትና የሚይዘው ነገር ብዛት ነው። ይሁን እንጂ ኮምፒዩተር ምንም ፈጣን ቢሆን ያልተሰጠውን ነገር አያውቅም። የሚያውቀው በማስገቢያ መሣሪያ በኩል አልፎ የደረሰውን ብቻ ነው። ማስገቢያ መሣሪያ የምንለውም የሰውን ጽሕፈት፣ ድምፅ፣ መልክ ወይም የእጅ እንቅስቃሴ ተቀብሎ መኪናው ወደሚሠራበት ቁጥር የሚለውጠውን ዕቃ ሁሉ ነው። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ስካነር፣ ማይክሮፎን፣ ካሜራ፣ በጣት የሚነካ ስክሪንና የጣት አሻራ ማንበቢያ ከእነዚህ ውስጥ ይቈጠራሉ።

በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው አንድ ነገር ነው። ይኸውም ማስገቢያ መሣሪያ እንደ በር መሆኑን ነው። በር የሚያስገባውንና የሚያስቀረውን ይለያል፤ በሩ ጠባብ ሲሆንም ገቢው ጎንበስ ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ የእነዚህ ዕቃዎች ታሪክ የብልሃተኞች ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ የማን ቃል፣ የማን ስም፣ የማን ጣት ወደ መዝገብ ገባ የሚለው ጥያቄ ታሪክ ጭምር ነው።

ይህን በአንድ ስፍራ ለመመልከት አሰላንና የአርሲን ደጋ መርጠናል። አሰላ በአዳማ በኩል ሲሄዱ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት። ለጥናታችን የተመቸችበት ምክንያት ሦስት ነው። አንደኛ፣ የገበሬውን ኑሮ በቁጥር መዝግቦ ለማሻሻል ከታሰበባቸው የአገራችን ስፍራዎች ቀደምት ከሆኑት አንዷ ናት። ሁለተኛ፣ ዛሬ በአንድ ኪቦርድ ሁለት ዓይነት ፊደል ይጻፍባታል። ሦስተኛ፣ አካባቢዋ የገበሬ አገር ስለሆነ መኪናው የሚጠይቀው ጣት በእርሻ የተሻከረ ጣት ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የመሣሪያዎቹ አሠራር

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት የዕቃዎቹን አሠራር ባጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል።

ኪቦርድ ፊደል የሚልክ ዕቃ ይመስላል፤ ነገር ግን ፊደል አይልክም። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ከሥሩ ያለው የኤሌክትሪክ መሥመር ይገናኛል፤ በኪቦርዱ ውስጥ ያለችው ትንሽ መቆጣጠሪያም «እንዲህ ያለው ቁልፍ ተጫነ» የሚል ቁጥር ወደ ኮምፒዩተሩ ትልካለች። ያ ቁጥር የትኛው ፊደል እንዲሆን የሚወስነው በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነው። ይህ ነገር ኋላ ስለ ግዕዝ ፊደል ስንናገር ስለሚያስፈልገን አንባቢው በልቡ ይያዘው።

ማውስ የእጅን እንቅስቃሴ ይለካል። የመጀመሪያውን ማውስ ያሰበው አሜሪካዊው ዳግላስ ኤንግልባርት ሲሆን፣ በ1964 የተሠራው ናሙና ከእንጨት የተቀረጸና ከሥሩ ሁለት መንኮራኩር ያለው ነበር። ኤንግልባርት በታኅሣሥ 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ለብዙ ባለሙያዎች አሳይቶታል። የዛሬው ማውስ መንኮራኩሩን ትቶ የተቀመጠበትን ገበታ በየሴኮንዱ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ እያነሣ አንዱን ሥዕል ከሌላው ጋር በማመዛዘን ወዴት እንደሄደ ያውቃል።

ስካነር በወረቀት ላይ ብርሃን አብርቶ የሚመለሰውን ብርሃን ይለካል፤ ነጩ ብዙ ብርሃን ይመልሳል፣ ጥቁሩ ጥቂት። ማይክሮፎን በድምፅ የሚርገበገብ ስስ ሽፋን አለው፤ መርገብገቡም ወደ ኤሌክትሪክ ተለውጦ በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ ይለካል። በእጅ ስልክ ላይ ያለው ስክሪን ደግሞ ጣት ሲነካው በላዩ ያለው የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚለወጥ የተነካውን ቦታ ይለያል። እንግዲህ የሁሉም ሥራ አንድ ነው፤ የሰውን ነገር ለክቶ ቁጥር ማድረግ። ልዩነቱ በምን እንደሚለኩትና ምን እንደሚቀርባቸው ነው።

የጽሕፈት መኪናና ፊደላችን

የግዕዝ ፊደል ከባዕድ መሣሪያ ጋር የተገናኘው ዛሬ አይደለም። ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ በ1513 በሮም ከተማ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ ፊደል አሳትሟል። ማተሚያ ቤት ግን ለፊደል ብዛት አይጨነቅም፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ የእርሳስ ቅርጽ አፍስሶ በሣጥን መደርደር ይበቃዋል።

ችግሩ የመጣው ከጽሕፈት መኪና ጋር ነው። አሜሪካዊው ክሪስቶፈር ሾልስና ጓደኞቹ በ1868 የፈጠራ መብት ያስመዘገቡበት መኪና ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሬሚንግተን ፋብሪካ እየተሠራ ሲሸጥ፣ የታሰበው ለላቲን ሃያ ስድስት ፊደል ነበር። እንዲህ ያለው መኪና ባለ አርባና ጥቂት ቁልፍ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሁለት ምልክት ቢይዝ እንኳ መቶ አይሞላም። የአማርኛ ፊደል ግን 33 በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋል።

ይህን እንቆቅልሽ ለመፍታት ከጣሊያን ወረራ አስቀድሞ የደከሙት ኢትዮጵያዊ ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። የመፍትሔው መንገድ ፊደሉን አካልና ቅጥያ አድርጎ መክፈል ነው። የፊደሉ አካል በአንድ ቁልፍ ይመታል፤ የካዕቡ፣ የሣልሱ ወይም የሌላው ምልክት ደግሞ በሌላ ቁልፍ ይጨመርበታል። ከጦርነቱም በኋላ በየመሥሪያ ቤቱ የታወቀው የኦሊቬቲ የአማርኛ መኪና በዚሁ በመቀጠል ዘዴ ይሠራ ነበር።

በዚህ ዘዴ የአማርኛ ደብዳቤ በመኪና ተጻፈ፤ ይህም ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ዋጋ ተከፈለበት። ቅጥያው ከአካሉ ጋር በትክክል ስለማይገጥም በመኪና የተጻፈው ፊደል የተጠገነ ይመስል ነበር። ከዚህም በቀር መኪናው ፊደሉን ስላልቻለ ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል የሚል አሳብ በምሁራን ዘንድ ተነሥቶ ብዙ አከራከረ። እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ለላቲን የተሠራ ዕቃ ስለ ጠበበ ጥፋተኛ የተባለው በሩ ሳይሆን ገቢው ነበር።

ይህ የሆነው በአማርኛ ላይ ብቻ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሰው በ1899 ሲያሳትሙ የተጠቀሙት በግዕዝ ፊደል ነው። በአማርኛ ለሌለው የኦሮምኛ ድምፅም «ዸ» የሚለው ፊደል አገልግሏል። ለአማርኛ ደብዳቤ በተሰናዳው መኪና ለሚጽፍ ጸሐፊ ግን «ዸ» ትርፍ ፊደል ነው፤ ስለዚህ በ«ደ» ይተካዋል። በኦሮምኛ እውነት ማለት ከሆነው ቃል የወጡት «ዱጋሳ»ና «ዱጉማ» የሚባሉት ስሞች በመንግሥት ወረቀት ላይ በ«ዱ» ተጽፈው የኖሩት በዚህ መንገድ ነው። ባለስሙ በአፉ የሚጠራው ድምፅ በወረቀቱ ላይ የለም።

ቅጹና ካርዱ፤ የካዱ ዘመን በአሰላ

ፊደል ብቻ ሳይሆን ቁጥርም በር ያስፈልገዋል። አሜሪካዊው ኸርማን ሆለሪት የ1890ውን የአገሩን ሕዝብ ቆጠራ ለማፋጠን ቀዳዳ ያለው ካርድ አሰናዳ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሥራና የመሳሰለው ሁሉ በካርዱ ላይ የተወሰነ ቦታ ነበረው፤ ቀዳዳው ባለበት የኤሌክትሪክ መሥመር ይገናኛል፣ መኪናውም ይቈጥራል። የሆለሪት ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ ኋላ አይ.ቢ.ኤም. የተባለው ሆነ። በ1960ዎቹ የዚሁ ድርጅት መኪናዎች በአዲስ አበባ ወደ ጥቂት ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ገቡ።

በዚያው ዘመን፣ በ1967፣ በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ዋና መሥሪያ ቤቱን አሰላ ላይ አድርጎ ተቋቋመ። ካዱ በቁሉምሳ የስንዴ ዘር እየሞከረ፣ ማዳበሪያና ብድር እያቀረበ፣ ለአርአያነት በተመረጡ ገበሬዎች በኩል አዲሱን አሠራር በጭላሎ አውራጃ አስተዋወቀ። የሠራውንም ለማወቅ የሰብል ናሙና ጥናት ያደርግ ነበር።

የዚህ ዓይነቱ ጥናት ማስገቢያ መሣሪያ የታተመ ቅጽና እርሳስ ነው። አንዳንዱ አንባቢ ቅጽን ከኮምፒዩተር ዕቃ ጋር መቍጠራችን ይገርመው ይሆናል። ነገር ግን ቅጽ የካርድ አባት ነው፤ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የምንሞላው ባዶ ሣጥንም የዚሁ ዘር ነው። ገበሬው መሬቱን የሚያውቀው በጥማድ፣ እህሉን የሚሰፍረው በቁና ነው፤ ቅጹ ደግሞ በሔክታርና በኩንታል ይጠይቀዋል። መልሱ ወደ ቅጹ ከመግባቱ በፊት መለወጥ አለበት ማለት ነው። ቅጹ ቦታ ያላዘጋጀለት ነገር ሲኖር ደግሞ ጨርሶ አይገባም።

ይህ የንድፈ አሳብ ነገር ብቻ አይደለም። የጭላሎ እርሻ ትርፍ መስጠት ሲጀምር ባለ ሰፊ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ብዙ ጭሰኞችን ከመሬቱ አስነሡ። በኩንታል ብቻ የተጠየቀ ማሳ ምርት ጨመረ ብሎ ይመልሳል፤ ከማሳው የተነሣውን ሰው ግን አይናገርም። የጭሰኞቹ ነገር በጽሑፍ ሊታወቅ የቻለው ስለ ትራክተር እርሻው በተለይ ስለ ተጠየቀና ስለ ተጠና ነው፤ ይህንንም ጥናት ካዱ ራሱ እንዳደረገው መመስከር ይገባል። ከመጋቢት 1975 የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ጭሰኝነት ቀረ፤ ካዱም ሥራው ለመላው አርሲ ሰፍቶ አርዱ ተባለ። ለእኛ የሚቀረው ትምህርት ግን አልተለወጠም። ጥያቄ ያልተዘጋጀለት መልስ ወደ መዝገብ አይገባም።

ከዚያ ወዲህ ቅጹን የሚያነበው ዐይን ተለውጧል። በ2007 በተደረገው የሕዝብና የቤት ቆጠራ የተሞላው ቅጽ በስካነር ተነበበ። ለሚቀጥለው ቆጠራ ደግሞ ወረቀቱን ትቶ በታብሌት ለመመዝገብ ተዘጋጅቶ ሳለ ቆጠራው በ2019 ተላለፈ። ዐይኑ ቢፈጥንም የሚያነበው የተጠየቀውን ብቻ መሆኑ እንደ ቀድሞው ነው።

ፊደላችን በኮምፒዩተር

የጽሕፈት መኪናው ችግር በኮምፒዩተር ተፈታ። ከላይ እንደ ተባለው ኪቦርድ የሚልከው ፊደል ሳይሆን ቁጥር ስለሆነ፣ አንድ ፕሮግራም ሁለትና ሦስት ቁልፍ ተቀብሎ አንድ ሙሉ ፊደል ሊያወጣ ይችላል። ፊደሉም ተቀጥሎ ሳይሆን በሙሉ መልኩ ይወጣል። በ1980ዎቹ ጀምሮ በውጭ አገርና በአገር ውስጥ ያሉ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በዚህ ሥራ ደክመዋል።

ሆኖም መጀመሪያ ላይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈው በቪዥዋል ግዕዝ ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ሆኖ ይገኝ ነበር። ይህ ግርግር የተወገደው ለዓለም ፊደላት ሁሉ አንድ የቁጥር መዝገብ በሚሰጠው በዩኒኮድ ነው። ፍስሐ አጥላው፣ ዳንኤል ያዕቆብና የዩኒኮድ መሥራች ከሆኑት አንዱ ጆ ቤከር ከሌሎች ጋር ሆነው ስለ ደከሙበት፣ በ1999 በወጣው በሦስተኛው የዩኒኮድ እትም 345 የግዕዝ ምልክቶች ተመዘገቡ። «ዸ»ም ከእነርሱ ጋር ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ ፊደልና መጻፊያ ይዞ መጣ።

እንግዲህ የፊደሉ ብዛት ያስቸገረበት ዘመን አለፈ። ፊደል ይቀነስ የሚለው ክርክር ሌላ ምክንያት ካለው በዚያ ይታይ እንጂ፣ መኪናው አልቻለም የሚለው ምክንያት ዛሬ አይሠራም።

ሁለት ጽሕፈት በአንድ ኪቦርድ

አሁን ወደ አሰላ እንመለስ። በ1991 አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደል፣ ማለት በቁቤ፣ እንዲጻፍ ከተወሰነ ወዲህ በኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶች የሚጻፈው በዚሁ ነው። ወደ ፌዴራል መሥሪያ ቤት የሚሄደው ደብዳቤ ደግሞ በአማርኛ ይጻፋል። ስለዚህ በአሰላ የጽሕፈት ሱቅ የምትሠራ ጸሐፊ በአንድ ቀን፣ አንዳንድ ጊዜም ለአንድ ሰው፣ በሁለቱም ትጽፋለች። ኪቦርዱ ግን አንድ ነው፤ በቁልፎቹ ላይ የታተመው የላቲን ፊደል ብቻ ነው።

የሁለቱን ጽሕፈት ድካም ለማነጻጸር የከተማዪቱን ስም እንውሰድ። በድምፅ በሚሠራው የአማርኛ አጻጻፍ «አሰላ» ለማለት ኤ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ ተብለው አምስት ቁልፎች ይመታሉ፤ ሦስት ፊደል ይወጣል። በቁቤ ግን የሚጠብቀው ተነባቢና የሚረዝመው አናባቢ በእጥፍ ስለሚጻፍ ያው ስም ሰባት ቁልፍ ይፈልጋል። በቁጥር ብቻ ብንፈርድ አማርኛው ይቀላል።

ነገር ግን ቁጥሩ ያታልላል። በቁቤ የምትጽፈው ጸሐፊ በቁልፉ ላይ የምታየው ፊደል ያው በስክሪኑ ላይ ይወጣል። በአማርኛ ስትጽፍ ግን ቁልፉ ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ ነው። ትንሹ ቲ «ት» ሲሆን ትልቁ ቲ «ጥ» እንደሚሆን፣ ትንሹ ሲ «ች» ትልቁ ሲ «ጭ» እንደሚሆን በቃሏ መያዝ አለባት። አማርኛ ጸሐፊ የራሱን ፊደል ለመጻፍ መጀመሪያ የላቲን ፊደል ማወቅ ግድ ሆኖበታል። የግዕዝ ፊደል ብቻ የተማረ ሰው፣ ለምሳሌ ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣ አዛውንት፣ በገዛ ፊደሉ ማንበብ ሲችል በኪቦርዱ ፊት መሃይም ይሆናል።

በአንድ የጽሕፈት ሱቅ ተቀምጠን ስንመለከት አንድ ሽማግሌ መታወቂያቸውንና የቆየ የግብር ደረሰኝ ይዘው መጡ። የስማቸው አጻጻፍ በሁለቱ ወረቀቶች ላይ አልገጠመም። ጸሐፊዪቱ «አባባ፣ የትኛውን ልጻፍ?» ስትላቸው «ልጄ፣ እኔ አንድ ነኝ፤ አንዱን ጻፊው» ብለው መለሱላት።

የሽማግሌው መልስ የችግሩን ልክ ያሳያል። ከላይ ያነሣነውን «ዱጋሳ» የሚለውን ስም ብንወስድ፣ በአማርኛ ወረቀት ላይ በ«ዱ» ይጻፋል፤ ከአማርኛው ወደ እንግሊዝኛ ሲገለበጥ በዲ ብቻ ይጻፋል፤ በቁቤ ደግሞ በዲና በኤች፣ አናባቢውም ተደርቦ ይጻፋል። ሰው ሲያነበው አንድ ስም መሆኑን ያውቃል። ፊደል በፊደል የሚያመሳስለው መኪና ግን ሦስት ሰዎች አድርጎ ሊቈጥራቸው ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ «ዸ» ዛሬ በዩኒኮድ መኖሩ፣ በአንዳንድ ፕሮግራሞችም ትልቁን ዲ በመምታት መጻፍ መቻሉ ነው። በሩ ተከፍቷል፤ የሚያልፍበት ግን ጥቂት ነው። የአሮጌው መኪና ጥበት በጸሐፊው ልማድ ውስጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ጣትና ድምፅ

ፊደል የማያውቅ ሰውም ወደ መኪናው የሚገባበት አዲስ በር ተከፍቷል፤ ይኸውም አካሉ ነው። ፋይዳ በተባለው የዲጂታል መታወቂያ የዐሥር ጣት አሻራ፣ የዐይን ብሌንና የፊት ፎቶግራፍ ይመዘገባል። ስለዚህ ጉዳይ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1284 የ2023 ነው።

የአሻራ ማንበቢያ የሚለየው በጣት ላይ ያሉትን የሸንተረር መሥመሮች ነው። ማረሻና ማጭድ፣ ድንጋይና አፈር የፈጩት ጣት ግን መሥመሩ ስለሚደበዝዝ መሣሪያው ለማንበብ ይቸገራል። ይህ በእጅ ሥራ በሚተዳደር ሕዝብ ዘንድ በየአገሩ የታወቀ ነገር ነው። የቢሮ ሠራተኛ ጣት በቀላሉ ሲያልፍ የስንዴና የገብስ አምራቹ ጣት ደጅ ሊጠና ነው። የዐይን ብሌን አብሮ መመዝገቡ እንዲህ ላለው ሰው ሁለተኛ በር ስለሚሆን መልካም ነው። ከዚህ የምንማረው አንድ በር ለሁሉ እንደማይበቃ ነው።

ድምፅም እንዲሁ ነው። ጉግል በ2017 በድምፅ ለመጻፍ ከሚያገለግሉት ቋንቋዎች መካከል አማርኛን ጨምሯል። እንዲህ ያለው መኪና ንግግር የሚማረው ከተሰበሰበ የሰው ድምፅ ነው። የተሰበሰበለትን አነጋገር ይሰማል፤ ያልተሰበሰበለትን ይስታል። አፋን ኦሮሞ በየአካባቢው የአነጋገር ልዩነት አለው፤ የአርሲና የባሌ አነጋገርም ከወለጋው ይለያል። የአርሲ አዛውንቶች ንግግር ካልተቀዳ፣ ነገ ፊደል የማያውቀውን ይረዳል የተባለው ማይክሮፎን የሚረዳው ፊደል ያወቀውን የከተማ ሰው ይሆናል።

መደምደሚያ

ከላይ የተመለከትነውን ባጭሩ ስንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። የጽሕፈት መኪናው ስለ ጠበበ ፊደል ተቀጠለ፣ «ዸ»ም ቀረ። ቅጹ ሲጠይቅ ኩንታሉ ገባ፤ የጭሰኛው ነገር የገባው ለብቻው ሲጠየቅ ነው። ኪቦርዱ ለላቲን ስለ ተሠራ አማርኛ በተውሶ ፊደል ይጻፋል። የአሻራ ማንበቢያው ለለሰለሰ ጣት ይመቻል። በእነዚህ ሁሉ መሣሪያው ክፉ አልነበረም፤ የተሠራው ሌላ ሰው ታስቦ ነው እንጂ።

በሌላም በኩል የአያና ብሩና ኋላ የተነሡት መሐንዲሶች ድካም የሚያስተምረን አለ። በሩ ሲጠብ ጎንበስ ማለት ብቸኛው መንገድ አይደለም፤ በሩን ማስፋት ይቻላል። በ1999 የተመዘገቡት 345 ምልክቶች ምስክር ናቸው።

ስለዚህ ለጓደኞቻችን ለተማሪዎችና ለመምህራኖቻችን ሦስት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በቁልፎቹ ላይ የግዕዝ ፊደል የታተመበት ኪቦርድ በትምህርት ቤቶች እንዲለመድ ቢደረግ። ሁለተኛ፣ የአንድ ሰው ስም በአማርኛ፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚገናኝ የሚያሳይ ሥርዓት እንዲጠና። ሦስተኛ፣ ዛሬ በአሰላ ዩኒቨርሲቲ ስላለ፣ የአካባቢው ተማሪዎች የአባቶቻቸውንና የእናቶቻቸውን አነጋገር በፈቃዳቸው እየቀዱ ቢያከማቹ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ በየኪሳችን ያለው ስልክ ይበቃል። ሽማግሌው «እኔ አንድ ነኝ» እንዳሉት፣ መኪናው ያንን አንድነታቸውን እንዲያውቅ ማድረግ የእኛ የተማርነው ፋንታ ነው።